የስላንግ ቃል ዘመኑ ይጠየቃል፦ የምላሽ ጽሑፍ

ስለ እንግሊዝኛ ስላንግ፣ ማለትም ከመደበኛው ቋንቋ ውጪ በሰፈርና በቡድን ስለሚነገር አነጋገር፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ከርሟል። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ለተማሪዎቻቸው እያባዙ እንደሚሰጡት በሰማሁ ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የተነሡበት ዓላማ መልካም ነው፤ ወጣቶቻችን ከፊልምና ከዘፈን የለቀሙትን ቃል ትርጉሙን ሳያውቁ እንዳይናገሩት ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከያዛቸው ዋና ዋና ነጥቦች አብዛኞቹ የተሳሳቱ ናቸው፤ የተጻፉት ግን በፍጹም እርግጠኝነት ነው። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው፦ ስላንግ የኢንተርኔት ዘመን ልጅ ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው እንግሊዝኛ ንጹሕ ነበር። የታወቁት ቃላት ምንጫቸው ተለይቷል፤ «ኦኬ» ከጦር ሜዳ፣ «ፖሽ» ከመርከብ ትኬት የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ቃል በአንድ መስመር የሚጻፍ ትርጉም ስላለው ያንን መሸምደድ ይበቃል። ስላንግ የሌባና የሥራ ፈት ቋንቋ ነው። በመጨረሻም፣ ቶሎ ስለሚሞት ለጥናት አይበቃም።

በየተራ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የኢንተርኔት ዘመን ልጅ ነው» ለሚለው መልሱ ከ450 ዓመት በላይ በመጽሐፍ ተጽፎ ተቀምጧል። በኬንት ይኖር የነበረ ቶማስ ሃርማን የተባለ እንግሊዛዊ ባለርስት በደጁ የሚያልፉ ለማኞችንና ወሮበሎችን እየጠየቀ የሰበሰባቸውን ቃላት በ1567 አሳትሟል። በእነዚያ ሰዎች አንደበት ቀን «ላይትማንስ»፣ ሌሊት «ዳርክማንስ»፣ ለንደን ራሷ «ሮምቪል» ነበሩ። መጠጥ መጠጣትን «ባውዝ» ይሉት ነበር፤ ዛሬ እንግሊዞች መጠጥን «ቡዝ» ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ ቃል ነው። በ1785 ደግሞ ፍራንሲስ ግሮዝ የተባለ የጥንታዊ ቅርሶች አጥኚ የተራውን ሕዝብ አነጋገር የያዘ ሙሉ መዝገበ ቃላት አወጣ። ሁለቱም ሰዎች ጸሐፊው ንጹሕ በሚሉት ዘመን የኖሩ ናቸው።

ወጣቱ ቋንቋውን እያበላሸው ነው የሚለው እሮሮም ቢሆን አዲስ አይደለም። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1710 «ታትለር» በተባለው የለንደን ኅትመት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የዘመኑን ፋሽን ተከታዮች ቃል እየቆረጡ ይናገራሉ ብሎ ክፉኛ ወቅሷቸዋል። ከጠላቸው ቃላት አንዱ «ሞብ» ነበር። ይህ ቃል «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከሚል የላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ሲሆን ሐረጉ በነፈሰበት የሚነፍስ ሕዝብ ማለት ነው። ስዊፍት «ሞብ»ንና «ባንተር»ን (ፌዝ፣ ቀልድ) ለማስቆም ለዓመታት የቻለውን ያህል እንደ ታገለ፣ ነገር ግን የተናጋሪው ብዛት እንዳሸነፈው በዚያው ጽሑፍ ይናገራል። ከሁለት ዓመት በኋላም ቋንቋውን የሚያርምና የሚያጸና ማኅበር እንዲቋቋም ለባለሥልጣኑ ለሮበርት ሃርሊ ጽፎ ጠየቀ። ማኅበሩ አልተቋቋመም፤ «ሞብ» ግን ዛሬ በማንኛውም የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያለ ነውር ይታተማል። ጸሐፊው የሚናፍቁት እንግሊዝኛ ስዊፍት ተበላሸ ብሎ ያዘነበት እንግሊዝኛ ነው።

ለኢንተርኔት ፈጠራ ዋና ማሳያ አድርገው ያቀረቡት «ኦ ኤም ጂ» የሚለውን ምሕጻረ ቃል ነው። ምሳሌው ራሱ ይመሰክርባቸዋል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አድሚራል የነበሩት ጆን ፊሸር በ1917 ለዊንስተን ቸርችል በጻፉት ደብዳቤ አዲስ የክብር ማዕረግ ሊቋቋም ነው መባሉን ጠቅሰው «ኦ ኤም ጂ» ብለዋል፤ አጠገቡም «ኦ አምላኬ» ማለታቸው መሆኑን ጽፈዋል። አድሚራሉ በወቅቱ የ76 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ኢንተርኔት ምንም አልለወጠም አልልም። ቀድሞ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመሻገር ዓመታት ይፈጅበት የነበረውን ቃል ዛሬ በቀናት ውስጥ አህጉር ያሻግረዋል። «ሪዝ» የሚለው የወጣቶች ቃል፣ ሰውን በአነጋገርና በሁኔታ የመማረክ ችሎታ ማለት ነው፣ በ2023 የኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል እስከ መባል የደረሰው በዚህ ፍጥነት ነው። መፍጠርና ማፍጠን ግን ለየቅል ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ ተማሪ ከጽሑፉ ውስጥ ፈጥኖ የሚይዘውና ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚኖረው የቃል ምንጭ ተረት ነውና።

ጸሐፊው «ኦኬ» የመጣው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው ይላሉ። ከውጊያ መልስ የሞተ ወታደር ከሌለ የዜሮ ምልክትና «ተገደለ» ለሚለው ቃል የቆመው ፊደል በሰሌዳ ላይ ይጻፉ ነበር፤ ሰው አልሞተም፣ ሁሉ ደህና ነው እንደ ማለት። ታሪኩ ያምራል። ጦርነቱ የተጀመረው ግን በ1861 ነው፤ «ኦኬ» ደግሞ «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» በተባለው ጋዜጣ ላይ የታተመው ማርች 23 ቀን 1839 ነው። ቃሉ በጦርነቱ ዋዜማ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበር።

እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ የበለጠ ይጥማል። በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረጎችን በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ማሳጠርን ጨዋታ አድርገውት ነበር። ጨዋታውን ለማጣፈጥም ሆን ብለው ፊደል ያሳስቱ ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ «ሁሉ ትክክል ነው»፣ በትክክለኛው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በኤ እና በሲ ፊደሎች ይጀምራል፤ እነርሱ ድምፁን ብቻ ተከትለው ኦ እና ኬ አሉት። ሁሉ ትክክል ነው የሚለው ሐረግ ራሱ ተሳስቶ መጻፉ ነበር ቀልዱ። በዚያ ወቅት ከተፈጠሩት መሰል ምሕጻረ ቃላት ብዙዎቹ ወዲያው ጠፉ። ይህ አንዱ የተረፈው በፖለቲካ አጋጣሚ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ደጋፊዎቻቸው በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው የትውልድ ከተማቸው ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ ሽማግሌው ኪንደርሁክ፣ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። የቅጽል ስሙ መነሻ ፊደሎች ኦ እና ኬ ስለሆኑ የኦኬ ክለቦች ተቋቋሙ፤ ተቃዋሚዎችም ያንኑ ፊደል ለመሳለቂያ አደረጉት። ቫን ቢዩረን ተሸነፉ፤ ቃሉ በመላ አገሪቱ ታወቀ። ይህን ሁሉ አለን ዎከር ሪድ የተባሉ የቋንቋ ምሁር የድሮ ጋዜጦችን እያገላበጡ በ1963 እና በ1964 ባሳተሟቸው ጽሑፎች አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የጦር ሜዳውን ተረት የሚደግም ሰው ያንን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

በዚያው አንቀጽ ጸሐፊው «ምናልባትም ከምዕራብ አፍሪካው የወሎፍ ቋንቋ» የሚል አማራጭ ጣል አድርገዋል። መላምቱን በቁም ነገር ያቀረቡ ምሁራን እንደ ነበሩ አልክድም፤ ቃሉ የአፍሪካውያን ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ። ደስታዬ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ወሎፍን ከ1839ኙ ጋዜጣ ጋር የሚያገናኝ ሰነድ አልቀረበም። የአፍሪካውያን ዘሮች ለእንግሊዝኛ ያበረከቱት በሰነድ የተረጋገጠ ብዙ ነገር አለ፤ ጸሐፊው ግን ያንን አልነኩትም። ከታች እመለስበታለሁ።

«ፖሽ» የሚለው ቃል ዛሬ የባለጸጋና የከፍተኛ መደብ ሰው ነገር ማለት ነው። በጸሐፊው ትረካ ከእንግሊዝ ወደ ህንድ የሚጓዙ ሀብታሞች የቀይ ባሕርን ሐሩር ለመሸሽ ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ በኩል ያለውን የመርከብ ክፍል ይይዙ ነበር፤ የእነዚህ ቃላት መነሻ ፊደሎችም በትኬታቸው ላይ ይታተሙ ነበር። ቀይ ባሕርን ስለሚያነሣ ለእኛ አንባቢ ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ማኅተም ያረፈበት አንድም ትኬት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ትረካው ራሱ በጽሑፍ ብቅ ያለው ቃሉ ከተለመደ በኋላ ነው። በ1914 ቃሉ ስለ እንግሊዝ ፈረሰኛ ወታደሮች ጌጠኛ ልብስ ሲነገር እናገኘዋለን። ከዚያም ቀደም ብሎ በለንደን ሌቦች ዘንድ ገንዘብ ማለት ነበር፤ ይህኛው በሮማኒ፣ በአውሮፓ በሚኖረው የሮማ ሕዝብ ቋንቋ፣ «ግማሽ» ከሚለው ቃል እንደ መጣ ይገመታል። ከሀብታም መርከብ ይልቅ ከድሃ ኪስ ይቀርባል ማለት ነው። ስለ «ስላንግ» ራሱ፣ «አጭር ቋንቋ» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቀጽሎ የተሠራ ነው ያሉትም መሠረት የለውም። ቃሉ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ በጽሑፍ ታየ፤ ምንጩ አልተረጋገጠም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ። ጽሑፉ ሠንጠረዥ አለው፤ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ትርጉሙ። «ኩል፦ ጥሩ»፣ «ዱድ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛዬ»። ለዛሬው አነጋገር ትክክል ነው። የጎደለው ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያ ሲጎድል ምን እንደሚፈጠር በአንድ ጉልህ ምሳሌ ላሳይ።

አብርሃም ሊንከን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1860 በኒው ዮርክ ኩፐር ዩኒየን ባደረጉት ንግግር የአሜሪካን ደቡብ ግዛቶች ሰዎች ዛቻ አነሡ፦ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ከተመረጠ የአገሪቱን አንድነት እናፈርሳለን፣ የማፍረሱም ወንጀል በእናንተ ላይ ይሆናል ትላላችሁ። ከዚያም «ይህ ኩል ነው» አሉ። ቀጥለውም ሽጉጡን ጆሮዬ ላይ ደግኖ «ያለህን አምጣ፣ አለዚያ እገድልህና አንተ ነፍሰ ገዳይ ትሆናለህ» ከሚል ሽፍታ ጋር አመሳሰሉት። በሠንጠረዡ የተማረ ልጅ ይህን ሲያነብ ሊንከን ዛቻውን «ጥሩ ነው» ብለው እንዳሞገሱት ይረዳል። በዚያ ዘመን ግን ቃሉ «ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው» ማለት ነበር። አንድ ቃል የአንድን ታላቅ ንግግር ፍሬ ነገር ሲገለብጠው ይታያችሁ።

የዛሬው «ኩል» መንገዱ ሌላ ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች አንደበት አድጎ ነው ወደ ሌላው ሕዝብ የተሻገረው፤ ሳክስፎኒስቱ ሌስተር ያንግ ቃሉን በማስለመድ ስማቸው ደጋግሞ ይነሣል። ትርጉሙም እንዲያው «ጥሩ» ብቻ አልነበረም፤ ራሱን የገዛ፣ የማይደነግጥ፣ የማይንበረከክ ሰው ሁኔታ ነበር። በየዕለቱ በሚዋረድበት አገር ፊቱን ሳይለውጥ መቆም ለጥቁር አሜሪካዊ ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ነበር ሳናስብ ቃሉን ልናስተምር አይገባም። «ባድ»፣ መጥፎ፣ የሚለውን ቃል ገልብጦ ለአድናቆት መጠቀምም ቢያንስ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእነርሱ ነው፤ ጽሑፉ ግን የዘንድሮ ወጣቶች ቀልድ ያደርገዋል።

«ዱድ»ም እንዲሁ ነው። በ1883 በኒው ዮርክ ጋዜጦች ላይ እንደ እሳት ሲዛመት የስድብ ያህል ነበር፤ የእንግሊዝ ባላባት ለመምሰል የሚለፋ፣ በልብሱ የሚንቀባረር፣ ፍሬ የሌለው ወጣት ማለት። ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሲዘልቅ ከብት ጠባቂዎች ከተሜ እንግዳን ይጠሩበት ጀመር። በሚቀጥለው መቶ ዘመን በጥቁርና በሜክሲኮ ዝርያ ባላቸው ወጣቶች ዘንድ ስድቡ ለዘበ፤ ቆይቶ በካሊፎርኒያ የባሕር ማዕበል ጋላቢዎች በኩል የዛሬው የመጠሪያ ቃል ሆነ። የ1883ን ጋዜጣ በዛሬው ትርጉም የሚያነብ ሰው ዘለፋውን ሰላምታ ያደርገዋል። ደግሞም «የንብ ጉልበት» (የእግሯ ጉልበት) የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በ18ኛው መቶ ዘመን ኢምንት፣ ከቁጥር የማይገባ ነገር ማለት ነበር፤ በ1920ዎቹ አሜሪካ ግን ተወዳዳሪ የሌለው ግሩም ነገር ማለት ሆነ። የሰፈር ስም የነበረው «አራዳ» የብልጥ ሰው ቅጽል እስኪሆን ላየ የአማርኛ ተናጋሪ ይህ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም።

አራተኛው፣ «የሌባና የሥራ ፈት ቋንቋ ነው» የሚለው፣ ግማሽ እውነት አለው። የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች የሰበሰቡት በእርግጥም ከወንጀለኞች ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ሌቦች ብቻ ስላንግ ይናገሩ ስለ ነበር አይደለም፤ የንብረት ባለቤቶች ሊያውቁት የፈለጉት የሌቦችን ምስጢር ስለ ነበር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ጆሮ ሰፋ ሲል የሠራተኛው ቃል ተሰማ። የለንደን አትክልት ነጋዴዎች ከደንበኞቻቸው ፊት ምስጢር ለመነጋገር ቃላትን ከኋላ ወደ ፊት ይናገሩ ነበር፤ «ቦይ»፣ ልጅ፣ ተገልብጦ «ዮብ» ሆነ፣ ዛሬ የእንግሊዝ ጋዜጦች ባለጌ ወጣትን የሚጠሩበት ቃል። ቤት የሚመቱ ሐረጎችን እየገጠሙ ከዚያ ቤት የሚመታውን ቃል ራሱን የሚጥሉም ነበሩ፦ «ሄድ»፣ ራስ፣ ከ«ሎፍ ኦፍ ብሬድ»፣ ሙልሙል ዳቦ፣ ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ «ጭንቅላትህን ተጠቀም» ለማለት «ሎፍህን ተጠቀም» ይላሉ። ለግጥም ጆሮ ያለው ሕዝብ ይህን እንደ ሥራ ፈትነት ሊያየው አይገባም፤ እነዚህ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ገበያ የሚወጡ ነበሩ። «ፓል»፣ ባልንጀራ፣ በሮማኒ ወንድም ማለት ነው። «ኩሺ»፣ ምቹ ሥራ፣ ህንድ ውስጥ ያገለገሉ ወታደሮች ይዘውት የመጡት ነው። «ባስ» ደግሞ «ለሁሉም» ከሚለው የላቲን «ኦምኒቡስ» ተቆርጦ የተረፈ ጅራት ነው፤ አውቶቡስ ስንል እኛም ይዘነዋል።

በዚህ ነጥብ ሥር ግን በጣም ያሳዘነኝ «ዎክ» ስለተባለው ቃል የተጻፈው ነው። ሠንጠረዡ «አክራሪ ግራ ዘመም» ብሎ አልፎታል። ቃሉ የመጣው ከእንቅልፍ ነቅቶ መጠበቅን ከሚገልጽ የጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር ነው። በ1931 በአላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች በሐሰት የአስገድዶ መድፈር ክስ ተያዙ፤ ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። ሌድ ቤሊ በሚል ስም የሚታወቀው ዘፋኝ ስለ እነርሱ ዘፍኖ በ1938 በተቀረጸ ንግግሩ በዚያ አካባቢ የሚያልፍ ጥቁር ሁሉ እንዲጠነቀቅ፣ «ዎክ» ሆኖ ዓይኑን ገልጦ እንዲሄድ መከረ። ቃሉ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ያልሰማ ሊገደል ይችላል። በ1962 ዊልያም ሜልቪን ኬሊ የተባለ ጥቁር ደራሲ «ኒው ዮርክ ታይምስ» ላይ ነጮች የጥቁሮችን ቃል እንዴት እንደሚወስዱና ቃሉ በተወሰደ ጊዜ ጥቁሮቹ እንዴት እንደሚተዉት ሲጽፍ ቃሉ በርዕሱ ላይ ነበረ። በ2014 በሚዙሪ ፈርገሰን ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት ከገደለ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ ዓለም ሁሉ ሰማው፤ ከዚያ በኋላ ነው በፖለቲካ ሰዎች አፍ ስድብ የሆነው። ከቃሉ ታሪክ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆርጦ ትርጉሙ ይህ ነው ማለት ተናጋሪዎቹን መካድ ነው።

የእኛም ስም በዚህ ታሪክ ዳርቻ ላይ አለ። የጥቁር ሕዝቦች ንቅናቄ መሪ የነበረው ማርከስ ጋርቪ በ1923 በታተመው የአባባሎቹና የንግግሮቹ ስብስብ «ኢትዮጵያ ሆይ ንቂ! አፍሪካ ሆይ ንቂ!» ብሏል፤ ኢትዮጵያ ሲል የጥቁርን ሕዝብ ሁሉ ማለቱ ነበር። የ«ዎክ»ን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጥሪ በቀዳሚነት ይጠቅሱታል። የአማርኛ አንባቢ ቃሉን ከስድብነቱ በኩል ብቻ እንዲያውቀው መደረጉ ያንገበግበኛል።

«ቶሎ ስለሚሞት ለጥናት አይበቃም» ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። የሚሞት አለ፦ በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ቋሊማን «የምስጢር ከረጢት» ይሉት ነበር፣ ውስጡ ያለውን ከሠሪው በቀር ማንም አያውቅምና፤ ዛሬ የሚለው የለም። የሚኖርም አለ፦ «ቡዝ» ከላይ እንዳየነው፣ «ኪድ»ም የፍየል ግልገል ከመሆን ወጥቶ በስላንግ የሰው ልጅ ከተባለ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። የሞተውም ቢሆን የዘመኑ ሰው ምን እንደሚበላና ምን እንደሚፈራ ይነግረናል። ኤሪክ ፓርትሪጅ በ1937 ትልቅ የስላንግ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት፣ ጆናታን ግሪን በ2010 ሦስት ግዙፍ ጥራዞች ያወጡት ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላውም የአገራችንን አዝማሪዎችና ነጋዴዎች ምስጢራዊ አነጋገር ለጥናት በቅቷል ብለው በ1964 መጽሐፍ አድርገውታል።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ ለሥራ ማመልከቻም ሆነ ለፈተና ድርሰት ስላንግ አይሆንም፣ ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል ከመናገርም መታቀብ ይሻላል። በዚህ ምክራቸው እስማማለሁ።

ጽሑፉ ዳግም የሚባዛ ከሆነ ግን ሦስት ነገር እለምናቸዋለሁ። የ«ኦኬ» እና የ«ፖሽ» አንቀጾች ይውጡ ወይም ይታረሙ። በሠንጠረዡ ላይ ከቃሉና ከትርጉሙ መካከል ማን፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተናገረው የሚገልጽ አምድ ይጨመር። ከ«ዎክ» ትይዩ ባለው አምድ ላይም መጀመሪያ 1938 እና አላባማ ይጻፉ፤ የፖለቲከኞቹ ትርጉም ከዚያ በኋላ ይከተል።